ፍሬንም እንደ ምጣድ ይሟሻል

መስከረም አጋማሽ ላይ ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ አደይ አበባው ሜዳውን ሞልቶት፣ ቤተሰቡ በሙሉ ከአዲስ አበባ ተነሥተን አምቦ ታላቅ እህቴ ቤት ገብተናል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ ክረምቱን ሙሉ በስልክ ሲጠይቀኝ የከረመው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አጎቴ፣ ወንጪ ወጥተን በብስክሌት የምንወርደው መቼ ነው?» ቀኑ ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት ብስክሌቶቹን በፒካፕ አስጭነን ወንጪ አፋፍ ላይ ልንወጣ፣ ከዚያ ወደ አምቦ ቁልቁል ልንወርድ ተቀጣጥረናል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የልጁን ብስክሌት ስመረምር የፍሬኑ ሸራ ከፊትም ከኋላም አልቋል። ደግነቱ አዲስ ሸራ ከአዲስ አበባ ይዤ ነበር። ግቢው ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ልጁ መብራት እየያዘልኝ፣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ቀየርኩት። በሥራዬ ኮራሁ። «ልሞክረው?» አለ። «ሞክረው» አልኩት።

ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ ሠላሳ እርምጃ የማትሞላ ቁልቁለት አለች። ልጁ ተፈናጥጦ ለቀቀው። መንገዱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ አላማረኝም።

«ፍሬን ያዝ!» ብዬ ጮህኩ።

«ይዣለሁ!» አለ።

እውነቱን ነበር። በሁለቱም እጆቹ ጨብጦታል፤ ብስክሌቱ ግን እንዳልሰማ ሆኖ ይወርዳል። ልጁ እግሩን መሬት ላይ እየጎተተ አስፋልቱ አፍ ላይ ሲወድቅ፣ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እያስጮኸ ከፊቱ አለፈ። በመካከላቸው የነበረው ርቀት ሁለት ክንድ ቢሆን ነው። ጉልበቱ ተላጠ፤ ሌላ ጉዳት አልደረሰበትም። እናቱ ከማዕድ ቤት እየሮጠች ወጥታ ልጇን ካየች በኋላ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አድርገህ ነው የገጠምከው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

አላሟሸኸውም

ከቤቱ ጥቂት ወረድ ብሎ ብስክሌትና ሞተር የሚጠግኑ አንድ አዛውንት አሉ። ብስክሌቱን እየገፋሁ ሄድኩ። ጋሼ ጎማውን አሽከረከሩት፣ የፍሬኑን እጀታ ጨበጥ ለቀቅ አደረጉ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካኩ። ከዚያ «አገጣጠምህ ደህና ነው፤ ግን አላሟሸኸውም» አሉኝ።

አብራኝ የመጣችው እህቴ በድንጋጤዋ መሀል ሳቀች። «ምጣድ ነው እንዴ?»

«ታዲያስ!» አሉ ጋሼ።

እሳቸው ለቀልድ አልነበረም ያሉት። አዲስ ምጣድ ገዝታ በዚያው ሰዓት እንጀራ የምትጋግር ባለሙያ የለችም። ምጣዱ በደንብ ይግላል፣ በጎመን ዘር ይታሻል፣ ይህ ይደጋገማል። ሳይሟሽ ከተጋገረበት እንጀራው ተጣብቆ ይቀራል። አዲስ የፍሬን ሸራም እንዲሁ ነው። ከማሸጊያው የወጣ ሸራ ፊቱ ገና ነው፤ ዲስኩን ነክቶ ይንሸራተታል እንጂ አይነክሰውም። ደጋግሞ ሲያዝና ሲሞቅ ግን ከራሱ ላይ እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን ዲስኩ ላይ እየቀባ ይሄዳል። ብስክሌቱን አጥብቆ የሚያቆመው ሸራው ከዚህ ከራሱ ሽፋን ጋር ሲገናኝ ነው። የልጁ ብስክሌት ያን ዕለት ሸራ ነበረው፤ ዲስክም ነበረው፤ በሁለቱ መካከል ሊኖር የሚገባው ሽፋን ግን ገና አልተፈጠረም ነበር።

ምጣድና ፍሬን የሚለያዩበት አንድ ነገር አለ፤ እሱንም መርሳት አደጋ አለው። ምጣድ የሚሟሸው በቅባት ነው። ፍሬን ግን ቅባት ከነካው አለቀለት።

ለምን አላወቅነውም?

አባቶቻችን የነዱት ብስክሌት ፍሬኑ ጎማ ነበር፤ ሁለት የጎማ ቁራጮች ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ ቆንጥጠው ያቆሙታል። ሲያልቅ በአዲስ ይተካል፣ ወዲያው መንዳት ይቻላል። ዲስክ ፍሬን ለብስክሌት ዓለም በአንጻሩ አዲስ ነው። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ በዚያ ውድድር ዲስክ ፍሬን ገና አልተፈቀደም ነበር። ዛሬ ግን ለልጆቻችን ከምንገዛቸው የተራራ ብስክሌቶች ብዙዎቹ በጎማው መሀል ላይ ያቺን የምታብረቀርቅ የብረት ሳህን ይዘው ይመጣሉ። ዕቃው ደረሰን፤ አያያዙ ግን አብሮት አልደረሰንም።

መመሪያው እንኳ ነበር። ማታ የሸራውን ማሸጊያ ከቆሻሻ መጣያው አውጥቼ ሳነበው፣ ጀርባው ላይ በባዕድ ቋንቋ፣ በጉንዳን ፊደል፣ ከጉዞ በፊት መለማመድ እንዳለበት ተጽፏል። የዕለት ሥራዬ ሸቀጥ ማስተዋወቅ ነው፤ ማሸጊያ ላይ ምን በትልቁ፣ ምን በትንሹ እንደሚጻፍ እኔው ራሴ የምወስንበት ጊዜ አለ። ዋጋና ውበት በትልቁ፣ ማስጠንቀቂያ በትንሹ። በዚያች ሌሊት ያ ልማድ አሳፈረኝ።

ሸራው ማለቁን እንዴት እናውቃለን?

ከአዲስ አበባ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ ወደ አምቦ የሚሄድ ሰው ግራና ቀኙን ሲያይ ዋልካውን ያውቀዋል። ያ ጥቁር አፈር ለጤፍና ለስንዴ ጥሩ ነው፤ ለፍሬን ግን አይመችም። በክረምት ጭቃው ዲስኩ ላይ ይለጠፋል፣ በውስጡ ያለው ደቃቅ አሸዋም ሸራውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። በበጋ ወራት የሚቆይ ሸራ በአንድ ክረምት ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ፍሬን የሚታይበት ጥሩ ጊዜ ክረምቱ እንደወጣ ነው።

አስተያየቱ ቀላል ነው። ጎማውን ያውጡና ሸራዎቹ የተቀመጡበትን ካሊፐር የተባለውን ቤት በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። እያንዳንዱ ሸራ ሁለት ክፍል አለው፤ ከጀርባ የብረት ሰሌዳ፣ ከፊት የሚፋተገው ጥቁር ወይም ቡናማ ንብርብር። የሚለካው ንብርብሩ ብቻ ነው። ሺማኖ የተባለው ታዋቂ አምራች የመጨረሻ ወሰን ያደረገው 0.5 ሚሊ ሜትርን ነው። ለቤተሰብ ግን እዚያ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። የኤቲኤም ካርድዎን ያውጡ፤ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። የቀረው ንብርብር ካርዱን ካከለ ሸራው ይቀየር። ፍሬን ሲያዝ ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማ ድምፅ ካለማ ወሰኑ ታልፏል፤ ዲስኩም መጎዳት ጀምሯል ማለት ነው።

ሲገዙ

አሮጌውን ሸራ ይዘው ይሂዱ። የሸራ ቅርጽ ከፍሬን ፍሬን ይለያያል፤ «ይሄም ይሆናል» የሚል ሻጭ ቢያጋጥምዎ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ያስተያዩ።

በዓይነት ደረጃ ሁለቱ ዋነኞች ሬዚን እና ብረት አዘል የሚባሉት ናቸው። ሬዚኑ ድምፅ አያበዛም፣ ቶሎ ይሟሻል፣ በጭቃና በከባድ ሙቀት ግን ቶሎ ያልቃል። ብረት አዘሉ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ጭቃንና ሙቀትን ይችላል፤ ሲይዝ ግን ይጮኻል፣ ለመሟሸትም ትዕግሥት ይጠይቃል። አንዳንድ ዲስኮች ላይ ለሬዚን ሸራ ብቻ የተሠሩ መሆናቸው ተቀርጾባቸዋል። እነዚህ ላይ ብረት አዘል ሸራ ከተገጠመ ዲስኩን ይበላዋል። ለከተማና ለቅዳሜ ሽርሽር ሬዚን ይበቃል።

አገጣጠሙ

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ፒንሳ፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፍ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አልኮል፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጎማ ለማውለቅ የሚያገለግል የፕላስቲክ ማንሻ።

1. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ካቴና የነካ እጅ ሸራና ዲስክ አይነካም።

2. ጎማውን ያውጡ። ጎማው ከወጣ በኋላ የፍሬኑን እጀታ ማንም እንዳይጨብጥ ይጠንቀቁ፤ በተለይ ትንንሽ ልጆች። በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን ከሆነ ፒስተኖቹ ወደ ውስጥ ተጠግተው ዲስኩን አላስገባም ይላሉ።

3. አሮጌዎቹ ሸራዎች ገና በቦታቸው እያሉ የፕላስቲክ ማንሻውን በመካከላቸው አስገብተው ቀስ እያሉ ይግፉ። ፒስተኖቹ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፤ ለአዲሱ ወፍራም ሸራ ቦታ ይለቃሉ። ብረት መጠቀም ፒስተኑን ሊሰነጥቀው ይችላል። በሽቦ የሚሳብ ፍሬን ከሆነ ሽቦውን ማላላት ወይም የሸራውን ርቀት የሚያስተካክለውን ብሎን መመለስ ይበቃል።

4. ሸራዎቹን የያዘውን ቀጭን ፒን ወይም ብሎን አውጥተው አሮጌዎቹን ከመካከላቸው ካለችው ሞላ ጋር ይሳቡ። አቀማመጧን ከማውጣትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡት።

5. ዲስኩን በአልኮል በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይወልውሉ። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ የዝገት ማስለቀቂያ ዘይት አጠገቡ አይድረሱ።

6. አዲሶቹን ሸራዎች በጠርዛቸው ይዘው ከሞላዋ ጋር ያስገቡ፤ ፒኑን መልሰው ጫፉን ይጠፉት። ጎማውን ያስገቡና እጀታውን እስኪጠነክር ድረስ ደጋግመው ይጨብጡ።

7. ጎማውን ያሽከርክሩ። ዲስኩ ሸራውን የሚያሻሽ ከሆነ ካሊፐሩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ጥቂት ያላሉ፣ እጀታውን ጨብጠው እንደያዙ መልሰው ያጥብቁ። አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን ያገኛል።

እዚህ ድረስ ያለውን እኔም በትክክል ሠርቼ ነበር። ስህተቴ እዚህ ላይ ሥራው አለቀ ማለቴና የመጀመሪያውን ሙከራ ልጅ ላይ፣ ያውም ቁልቁለት ላይ ማድረጌ ነው።

አሟሻሹ

ቅዳሜ ወንጪ አልሄድንም። ልጁ አኮረፈ፣ በኋላ ግን ጋሼ አብረውን ወደ አንድ ሜዳ ሲመጡ ኩርፊያውን ረሳ። ያስተማሩን ይህን ነው።

ቦታው ደልዳላና መኪና የማይገባበት ይሁን። የትምህርት ቤት ሜዳ፣ ሰፊ ግቢ፣ ጭር ያለ የውስጥ መንገድ ይሆናል። በመጀመሪያ ዐዋቂ ሰው ይሞክር፤ ብስክሌቱ ለዐዋቂ የማይሆን ትንሽ ከሆነ ልጁ በዝግታ፣ ዐዋቂ ከጎኑ እየሮጠ ያድርገው። ራስ ቁር ይጠለቅ።

በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እስኪደርሱ ይንዱ። ከዚያ ኮርቻው ላይ እንደተቀመጡ፣ ሰውነትዎን ወደ ኋላ አድርገው አንዱን ፍሬን ብቻ እየጠበቀ በሚሄድ አያያዝ ይጨብጡ። ብስክሌቱ እንደ እግረኛ እስኪዘገይ ድረስ ይያዙት፤ ሙሉ በሙሉ ሳይቆም ይልቀቁት። ጎማው ተቆልፎ እንዲንሸራተት አያድርጉ። ይህን ሃያ ጊዜ ያህል ይደጋግሙት። ከዚያ ፍጥነቱን ጥቂት ጨምረው አሥር ጊዜ። የፊቱ ሲያልቅ የኋላው በተራው።

ለምን እንደማይቆም ጠየቅሁ። የጋለ ሸራ አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ከቆመ ሽፋኑ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ይከመራል፤ ከዚያ ወዲያ ፍሬኑ በተያዘ ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ምጣድ አንዱ ጎኑ ብቻ ቢታሽ እንጀራው በሌላው ጎን እንደሚጣበቅ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ዙሮች ተስፋ ያስቆርጣሉ። እጅ ይጨብጣል፣ ብስክሌቱ ይሄዳል። ወደ አሥረኛው ላይ ግን ለውጡ በጣት ይሰማል። ጋሼ ከሜዳው ዳር ቆመው «ሱታ፣ ሱታ!» ይሉታል፤ በአፋን ኦሮሞ «ቀስ በል» ነው። ልጁ በሃያኛው ዙር አካባቢ ዞር ብሎ «አጎቴ፣ ያዘ!» አለኝ። ፊቱ ላይ የነበረው ፍርሃት የለቀቀው ያኔ ነው።

ሲያልቅ ዲስኩ ይቃጠላልና አይነካም። ፍሬኑን ሳይጨብጡ በራሱ ጊዜ እንዲበርድ ይተዉት። ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልያዘ፣ ወይም ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ካላቆመ፣ ቅባት ነክቶታል ብለው ይጠርጥሩ። ዲስኩ በአልኮል ይጸዳል፤ ቅባት የጠጣ ሸራ ግን በአዲስ ቢተካ ይሻላል። ገንዘቡ ያሳዝናል፤ ቢሆንም ከልጅ አይበልጥም።

ወንጪን መውረድ

ወንጪ ከአምቦ በስተደቡብ፣ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሐይቁ ያረፈው በእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 3,386 ሜትር ይደርሳል። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። አምቦ የምትገኘው በ2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከአፋፉ አምቦ ድረስ የሚወርድ ሰው አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ይጥላል ማለት ነው።

ይህ ለፍሬን ምን ማለት እንደሆነ እናስላው። ብስክሌቱን ጨምሮ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል ወደ 880 ኪሎ ጁል ነው፤ ሁለት ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋስና ጎማ ይጋሩታል። የቀረው በሙሉ ሙቀት ሆኖ የሚያርፈው እያንዳንዳቸው ሩብ ኪሎ በማይሞሉ ሁለት ስስ የብረት ሳህኖች ላይ ነው። ያልተሟሸ ፍሬን ይዞ እዚህ መንገድ ላይ መውጣት ምን ሊያስከትል እንደሚችል ሳስብ፣ ያቺ ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ ያለች አጭር ቁልቁለት ባለውለታዬ ሆነች።

እሑድ ጠዋት ከመነሣታችን በፊት እህቴ አስፋልቱ አፍ ላይ ቆመች። «ና፣ ውረድ» አለችው። ልጁ ከበሩ ለቀቀውና ከእሷ ሦስት እርምጃ ቀድሞ ቆመ። «እንደገና።» ቆመ። «እንደገና።» ቆመ። ከዚያ ምንም ሳትናገር የምሳ ዕቃውን አቀበለችን።

አወራረዳችን ጋሼ እንዳሉን ነበር። ፍሬን ይዞ መንጠልጠል የለም፤ ከመታጠፊያው በፊት በሁለቱም ፍሬኖች ጠንከር አድርጎ ፍጥነት መቀነስ፣ ከዚያ ለቆ ዲስኩን ለነፋስ መስጠት። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ዳር ይዘን እያረፍን፣ ከእንሰቱ አጥር ሥር ተቀምጠን ውኃ እየጠጣን። በአንዱ ዕረፍት ላይ ልጁ የዲስኩ ሙቀት ገርሞት የያዘውን የአምቦ ውኃ ሊያፈስበት ሲል እጁን ያዝኩት። የጋለ ብረት ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ሊጣመም ይችላል። «ለጉሮሮህ ይሁን» አልኩት።

አምቦ ስንገባ እህቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ብስክሌቶቹን አጥበን ካስቀመጥን በኋላ ያንን የሸራ ማሸጊያ አንሥቼ ገለበጥኩት፤ በባዶው በኩል በትልልቅ ፊደል «ሳይሟሽ ከግቢ አይወጣም» ብዬ ጻፍኩበት። ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከፒንሳውና ከአልኮሉ ጠርሙስ በላይ ምስማር ላይ ሰቀልነው። በሚቀጥለው መስከረም ሸራ የሚቀይረው ልጁ ራሱ ነው፤ እኔ መብራት ልይዝለት ቃል ገብቻለሁ።